ባዘዝኩት አዲስ መኪና ላይ የተገኘ የቀለምና የላሜራ ጉድለት፦ የአንድ አስመጪ አገልግሎት ሲመዘን

ይህ ግምገማ በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና በትእዛዝ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት የሰጠኝን አገልግሎት፣ በተለይም መኪናው ከነጉድለቱ ሲደርስ ጉዳዩን የያዘበትን መንገድ ይመለከታል። የድርጅቱንም ሆነ የመኪናውን ስም አልጠቅስም፤ የገጠመኝ ነገር በዚህ ንግድ ውስጥ ባሉ በብዙዎቹ ዘንድ የተለመደ በመሆኑ አንዱን ነጥሎ መውቀሱ ለገዢ የሚፈይደው ነገር ጥቂት ነው። ፍርዴን ግን ከወዲሁ ላስቀምጥ። መኪናው ጉድለት ይዞ መምጣቱን እንደ ትልቅ ጥፋት አልቆጥረውም፤ ሻጩን የምመዝነው ጉድለቱን ነግሮኛል ወይስ ደብቆኛል፣ ሊያስተካክለው የፈለገውስ በምን ዓይነት ጥገና ነው በሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ድርጅቱ መጀመሪያ ላይ ወድቋል፤ በኋላ ግን ራሱን አርሞ በደህና ውጤት አልፏል።

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስመጣው ድርጅት በዝቷል፤ አብዛኛው መኪና የሚመጣውም ከቻይና ነው። ገዢው መኪናውን በፎቶግራፍና በቪዲዮ አይቶ ይመርጣል፣ ቅድመ ክፍያ ይከፍላል፣ ከዚያም ይጠብቃል። መኪናው ጅቡቲ ከተራገፈ በኋላ ወይ በገላፊና በሚሌ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ በከባድ መኪና ላይ ተጭኖ ይመጣል፣ ወይ በደወሌና በድሬዳዋ በኩል በባቡር ይገባል፤ ከዚያም ጉምሩክ እስኪያልቅለት ድረስ ደረቅ ወደብ ላይ ፀሐይና አቧራ እየተፈራረቁበት ይቆማል። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ እዚያው ቻይና በሜዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ ሊሆን ይችላል። በአገሩ ታርጋ ከወጣለት በኋላ ሳይነዳ «ዜሮ ኪሎ ሜትር ያገለገለ» እየተባለ ለውጭ ገበያ የሚላክ መኪና ብዙ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ስለዚህ «አዲስ» የሚለው ቃል የሚነግረን መኪናው እንዳልተነዳ እንጂ ቀለሙን ማንም እንዳልነካው አይደለም። የተመረተበትን ጊዜ በበሩ ምሰሶ ላይ ካለው ሰሌዳ፣ የጎማውን ዕድሜ ደግሞ በጎማው ጎን ላይ ከታተሙት አራት አሐዞች ማንበብ ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ተከታዮቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። የእኔ መኪና በዚህ በኩል እንከን አልነበረውም።

ድርጅቱ መኪናውን ሊያስረክበኝ የቀጠረኝ ቃሊቲ አካባቢ ባለው ግቢው፣ ያውም ወደ ማታ ነበር። ቀጠሮው ወደ ጠዋት እንዲዛወርልኝ ጠየቅኩ፤ ያለ ብዙ ክርክር ተስማሙ። ይህን የማነሣው በአምፖል ብርሃን፣ ታጥቦ ገና ውሃው ባልደረቀ መኪና ላይ የቀለም ጉድለት ማየት ፈጽሞ ስለማይቻል ነው። ውሃ ጭረትን ይሞላል፤ የመሸበት ብርሃን ደግሞ የቀለም ልዩነትን ይሰውራል። በጠዋት ፀሐይ፣ ከመኪናው ጎን ዝቅ ብሎ ቁልቁል ሳይሆን አግድም ሲመለከቱ ግን ላሜራው ላይ ያለ ትንሽ ስርጉድ እንኳ የተንጸባረቀውን የሕንጻ መስመር ስለሚያጎብጠው አይደበቅም።

የመጀመሪያው ያገኘሁት ነገር ኮፈኑና ጣሪያው ላይ የተዘሩ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች ናቸው። መኪናው ነጭ በመሆኑ ጎልተው ይታያሉ። አስረካቢው ወጣት «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የመንገድ አቧራ ነው፤ ሁለቴ ሲታጠብ ይለቃል» አለኝ። አቧራ አልነበረም። የባቡር ፍሬን ሲያዝ፣ ወደብ ላይ ብረት ሲቆረጥና ሲፈጨ የሚበተነው የጋለ የብረት ብናኝ ክሊሩ፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ላይ ይቀመጥና ይሰርጋል፤ እርጥበት ሲያገኝ እዚያው ይዝጋል። እጅን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ ቀለሙን በቀስታ ቢዳስሱት፣ በባዶ እጅ ለስላሳ የሚመስለው ነገር አሸዋ የተነሰነሰበት ያህል ይሻክራል። ወጣቱ ራሱ በፌስታል ሲዳስሰው ፊቱ ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ስለ አቧራ አላነሣም። ይህ ጉድለት በሚገባ ከተያዘ ያለ ቅብ የሚነሣ በመሆኑ ብዙ አላስጨነቀኝም።

ሁለተኛው ግን ከባድ ነበር። የቀለም ውፍረት የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ይህ መሣሪያ ቀለሙን ሳይጎዳ ከሥሩ እስካለው ብረት ድረስ ያለውን ርቀት በማይክሮን ያሳያል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሚገዛ ሰው ብረትንም አልሙኒየምንም የሚያነበውን ይምረጥ፤ በአንዳንድ መኪኖች ኮፈኑ አልሙኒየም ስለሆነ ብረት ብቻ የሚለካው እዚያ ላይ ምንም አያሳይም። የፋብሪካ ቀለም የዝገት መከላከያው፣ ፕራይመሩ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መሠረት)፣ ቀለሙ ራሱና ክሊሩ ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 140 ማይክሮን ይሆናሉ። የመኪናዬ ጣሪያ 104፣ ኮፈኑ ከ110 እስከ 118፣ የግራ በሮቹም በዚሁ አካባቢ ነበሩ። የቀኝ የኋላ በር ላይ መሣሪያው 262፣ ቀጥሎ 290፣ ወደ ታችኛው ጠርዝ ደግሞ 310 አሳየ።

ቁጥሩ ብቻውን ሁሉንም አይናገርምና በሩን ከፍተን አየነው። በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ ሲቀባ ፕላስተር የተለጠፈበት ቦታ፣ በጥፍር ሲነኩት የሚሰማ ቀጭን መስመር ነበር። በመስኮቱ ጎማ ላይ ነጭ የቀለም ርጭት ቀርቷል። ከእጀታው በታች ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ እብጠቶች በክሊሩ ሥር ታስረዋል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራ እንደ ገባበት ያሳያሉ። በሌላ በኩል የበሩ ማጠፊያ ብሎኖች ላይ ያለው ቀለም አልተሰነጠቀም፣ መፍቻም አልነካቸውም፤ ስለዚህ በሩ አልተቀየረም፣ ተፈቶም አልወጣም። የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ስቱኮ ቢኖርበት ደግሞ ልኬቱ ብዙውን ጊዜ ከ500 ይዘላል፣ አንዳንዴም ከ1,000 ያልፋል። ከዚህ ሁሉ የደረስኩበት መደምደሚያ በሩ እንዳልተጋጨ፣ ተጭሮ ግን በችኮላ እንደ ተቀባ ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ ለድርድሩ በጣም ጠቅሞኛል፤ ምክንያቱም «መኪናው ተጋጭቷል» ብዬ ብጮህ ኖሮ ማረጋገጥ የማልችለውን ነገር ስከራከር ማረጋገጥ የምችለውን እተወው ነበር።

ሌሎቹ ጥቃቅን ነበሩ። የኋላው ክዳን በግራ በኩል ከጎን ላሜራው ጋር ያለው ክፍተት ከቀኙ በግልጽ ይሰፋል፤ የፊት ፓራውልቱም (የፊት ግጭት መከላከያው) ከፓራፋንጎው፣ ማለትም ከፊት ጎማው በላይ ካለው ላሜራ፣ ጋር ሲነጻጸር ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ ነው። ኮፈኑ ላይ ለጉዞ ተለጥፎ የነበረው መከላከያ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ቆይቶ በጠርዙ በኩል ሙጫ ጥሏል።

እዚህ ላይ ወጣቱ ሻጭ የሰጠኝ መልስ የዚህ ግምገማ ዋና ነጥብ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ምንም አይጨነቁ። የቀኝ ጎኑን በሙሉ በነፃ አስቀብተን፣ ፖሊሽ አድርገን፣ እንደ አዲስ አድርገን እናስረክብዎታለን» አለኝ። ሲሰሙት ቸርነት ይመስላል፤ ብዙ ገዢም በደስታ ይቀበለዋል። እኔ አልተቀበልኩትም፤ ምክንያቴን በዝርዝር ላስረዳ።

ፋብሪካ ውስጥ ቀለም የሚቀባው ሽቦ፣ ወንበር፣ ፕላስቲክና ባትሪ ያልገባበት ባዶ አካል ነው። ስለዚህ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ በሚደርስ ሙቀት ይጋገራል፣ ጥንካሬውንም የሚያገኘው ከዚያ ነው። ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና በዚህ ሙቀት ውስጥ ሊገባ አይችልም። ጋራዥ የሚቀባው ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት በ60 ዲግሪ አካባቢ የሚደርቅ ሌላ ዓይነት ቀለም ነው፤ ጥሩ ባለሙያ እጅ ከገባ መልካም ሥራ ነው፣ ነገር ግን የፋብሪካው አይደለም። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ አምራቾች ባትሪው በቀለም ኦቨን ውስጥ ሊቆይበት በሚችለው ሙቀትና ጊዜ ላይ ገደብ ያስቀምጣሉ፣ ይህን የማያውቅ ጋራዥ ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅለት ብቻ ሙቀቱን ሊጨምረው ይችላል። ኦቨን የሌለው ጋራዥ በክፍት ግቢ ቢቀባውስ? ውጤቱን በሩ ላይ ታስረው የቀሩት እብጠቶች ነግረውናል።

ከሁሉ በላይ «የቀኝ ጎኑን በሙሉ» የሚለው ሐረግ ነው ያሳሰበኝ። የእኔ ነጭ ዕንቁ የሚመስል አንጸባራቂ ያለው ሲሆን በሦስት ደረጃ የሚቀባ ነው፦ መሠረቱ ነጭ፣ በላዩ ዕንቁ የሚመስለው ሽፋን፣ ከዚያ ክሊሩ። የመካከለኛው ሽፋን ትንሽ ከሳሳ ወይም ከወፈረ ቀለሙ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም፤ በሰሌዳው ላይ ያለውን የቀለም ቁጥር ይዞ መበጥበጡ ብቻውን አይበቃም። ልዩነቱ እንዳይታወቅ ቀቢው ቀለሙን ወደ ፊት በርና ወደ ኋላው ጎን እያሳሳ ማዋሐድ አለበት፤ ለዚህም የእነዚያን ክፍሎች ጤነኛ የፋብሪካ ክሊር በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በአንድ በር ላይ የነበረ ጉድለት በዚህ መንገድ በሦስት ክፍል ላይ ይተላለፋል። ነገ መኪናው ሲሸጥ ገዢው ቀለም ቀቢ ወይም ባትላሜራ (ላሜራ የሚያስተካክል ባለሙያ) ይዞ ይመጣል፤ አንድ በር ብቻ ቀለም ነክቶት ሲያገኝ «ጭረት ነው» ሊባል ይችላል፣ ጎኑ ሙሉ ተቀብቶ ሲያገኝ ግን አልተጋጨም ብሎ የሚያምን የለም። በገበያችን «ኦሪጅናል ቀለም» የሚለው ቃል ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የርክክብ ቅጹን እንዳለ አልፈረምኩም። እያንዳንዱን ጉድለት ከነልኬቱ በቅጹ ላይ በእጅ ጽፌ፣ ፎቶግራፉን አያይዤ፣ ጉዳዩ እስኪፈታ መኪናው በግቢው እንዲቆይ ጠየቅኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን፣ ገዢም ዕቃውን አጋጣሚውን እንዳገኘ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። «ተመልክቼ ያለ እንከን ተረክቤአለሁ» በሚል ቅጽ ላይ ከፈረሙ በኋላ ዐይን የሚያየውን ጭረት አንሥቶ መከራከር ግን እጅግ ይከብዳል። የአምራቹን ዋስትና ተስፋ ማድረግም አይገባም፤ ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በሦስተኛ ወገን የመጣ መኪና ዋስትናው ብዙውን ጊዜ ከዚያ አገር አይወጣም። ያለን ሻጩ የሚፈርምልን ወረቀት ነው።

ነገሩ መልክ የያዘው ሥራ አስኪያጁ ሲመጡ ነው። ሳይቆጡም ሳያባብሉም የመኪናውን ፋይል አስወጡ፤ ዕቃ የሚያስለቅቀው ወኪል (ትራንዚተሩ) ጅቡቲ ላይ መኪናውን ሲረከብ በሞላው ቅጽ ላይ፣ በመኪናው ሥዕል የቀኝ የኋላ በር ላይ፣ ጭረትን የሚያመለክት ምልክት ተደርጎ ነበር። ማለትም ድርጅቱ ያውቅ ነበር፤ አዲስ አበባ አስገብቶ አስቀብቶታል፤ ለእኔ ግን አልነገረኝም። ሥራ አስኪያጁ ቅጹን እኔ ፊት አንብበው ወደ ወጣቱ ዞር አሉና «ይኼን ለደንበኛው ደውሎ መንገር ምን ይከብድ ነበር?» አሉት። ጥያቄው ለእሳቸውም ይገባ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሆኖም ፋይሉን ሳይደብቁ ማውጣታቸው በዚህ ንግድ ውስጥ ብዙም የማይታይ ነገር መሆኑን አልክድም።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ድርጅቱ በሩ ከርክክብ በፊት በአዲስ አበባ መቀባቱን በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ይሰጠኛል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የበሩ ክሊር ቢላጥ ወይም ቀለሙ ቢደበዝዝ ወጪውን ይሸፍናል፤ ከዋጋው ላይ አንድ በር በጥሩ ጋራዥ ለማስቀባት የሚፈጀውን ገንዘብ እጥፍ ይቀንስልኛል፤ ቀሪውን የማስተካከል ሥራ እኔ በመረጥኩት ባለሙያ አሠርቼ ደረሰኙን ሲያይ ይከፍላል። በመጨረሻው ነጥብ ላይ በመጀመሪያ የእነሱ ጋራዥ እንዲሠራው ፈልገው ነበር፤ በሩን የቀባው ያው ጋራዥ መሆኑን ሳነሣ ተዉት።

ሳሪስ አካባቢ ያሉት አዛውንት ቀለም ቀቢ በሩን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይኼን በር ደግሜ ብቀባው የምጨምርበት ውፍረት ብቻ ነው» አሉኝ። እብጠቶቹን ብቻ በውሃ እየነከሩ በ2000፣ ከዚያም በ3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አንድ በአንድ አስተካከሏቸው፣ በኮምፓውንድ አለሰለሷቸው። ለኮፈኑና ለጣሪያው የብረት ብናኝ የሚያሟሟ ፈሳሽ ረጩበት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እያንዳንዱ ብርቱካናማ ነጥብ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ቁልቁል መንጠባጠብ ሲጀምር ያዩት ሁለት ልጆች ሥራቸውን ትተው ቆመው ተመለከቱ። የቀረውን ብናኝ ደግሞ ቀለም ለማጽዳት በተሠራ ሸክላ መሰል ሊጥ እየዳመጡ አነሡት። ሙሉ መኪናውን በማሽን ፖሊሽ ለማድረግ ግን እምቢ አሉ። ትክክል ናቸው። የፋብሪካ ክሊር በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ጠንካራ ፖሊሽ ከዚያ ላይ ይቀንሳል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ፀሐይዋ ደግሞ ለሳሳ ክሊር አትራራም። አስመጪዎች ርክክብ ሲደርስ መኪናውን ለማስዋብ ብለው የሚያደርጉት ፖሊሽ፣ በፀሐይ ሲታይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት የሚያስቀረው፣ ባይደረግ የምመርጠው ለዚህ ነው።

የኋላው ክዳን ላሜራ የሚያስመታ ሆኖ አልተገኘም፤ የመዝጊያውን ማያያዣና የጎማ መደገፊያዎቹን በማስተካከል ክፍተቱ እኩል ሆነ። ፓራውልቱን አልነካነውም። ፓራውልት ፕላስቲክ በመሆኑ ከብረቱ አካል ጋር በ140 ዲግሪ አይጋገርም፤ ለብቻው፣ በሌላ ዓይነት ቀለም ስለሚቀባ በነጭና በብርማ መኪኖች ላይ ትንሽ ልዩነት መታየቱ በውድ መኪኖችም ላይ ያለ ነው። እንደ ጉድለት አስመዝግቤው ነበር፤ አሁን ቢሆን አላስመዘግበውም።

ድርጅቱን በጥቅሉ ስመዝነው፣ በጉምሩክና በታርጋ ጉዳይ ያሳየው ቅልጥፍና የሚመሰገን ነው፤ ሊብሬውም በተባለው ጊዜ ወጥቷል። በርክክብ ላይ ግን ድክመቱ ብዙ ነው። መኪና የሚያስረክቡት ወጣቶች ትሑታን ቢሆኑም ስለ ቀለም የሚያውቁት ነገር የለም፤ ይህን ሁሉ መኪና የሚያስመጣ ድርጅት አንድ የቀለም መለኪያ በግቢው አለማኖሩ አስገራሚ ነው፤ ጅቡቲ ላይ የተሞላውን ቅጽ ለገዢው አለማሳየቱ ደግሞ ከግድየለሽነት ያልፋል። በአንጻሩ ጉዳዩ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ቃላቸውን አላጠፉም፤ የጋራዡን ደረሰኝ ባቀረብኩ ጊዜ ሳይከራከሩ ከፍለዋል፣ ደብዳቤውም በተስማማንበት ቃል ተጽፎ ደርሶኛል። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጣቸዋለሁ፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ የሥራ አስኪያጁ ነው።

ከዚሁ ድርጅት ሌላ መኪና ለማዘዝ የሚያስብ የቅርብ ዘመድ አለኝ፤ እንዲያዝ ነግሬዋለሁ። ከውሉ ላይ ግን ሁለት ዐረፍተ ነገር እንዲጨመር አስደርጓል፦ የጅቡቲው የርክክብ ቅጽ ቅጂ መኪናው አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት እንዲላክለት፣ የትኛውም ክፍል ከእሱ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ እንዳይቀባ። ድርጅቱ ሁለቱንም ፈርሟል።